ከግድግዳው ወዲያ የሚፈጨው

«ተረት ተረት!»

«የክረምት ምሽት!»

ጎሽ። ዝናቡ ጣራውን እየደበደበው ነውና ድምፃችሁን አትሰስቱብኝ። አንቺ ከበሩ ሥር ያለሽው፣ ጠጋ በይ፣ ብርድ ይገባሻል። አንተም ጣትህን ከአፍህ አውጣ። ጭቃ ሲያቦካ የዋለ ጣት ይጠባል እንዴ? ምን ይዞ እንደሚገባ ማን ያውቃል። እኔ እንደሆንኩ ሁሉንም ነገር እጠረጥራለሁ። በሉ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ጥድ አፋፍ የምትባል መንደር ነበረች። ከሥሯ ወንዝ ይወርዳል፣ ከበላይዋ ጥድ አለ፣ መሃሏ ጭቃ ነው። ሰዎቿ ጤፍ ይዘራሉ። መኸር ገብቶ እህል ሲወቃ እያንዳንዱ ቤት ለከርሞ የሚዘራውን ያዋጣና ሁሉም ባንድ ጎተራ ይከተታል። ከዚያም የጎተራው አፍ በእበት ይመረጋል። ምርጊቱ ሳይደርቅ ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ያሳርፉበታል። እስከ ዘር ቀን ድረስ ማንም አይከፍተውም። በዝናብ ከተከፈተ እርጥበት ይገባዋል፣ ይሻግታል። ዘር ከሌለ ደግሞ መንደር የለም።

ጎተራውን እንዲያው ለማንም አይሰጡም። ልጅ በሌለበት ቤት ነው የሚያስቀምጡት። እናት ልጇ ተርባ ስታለቅስ እጇ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም ብለው ነው። ልጅ ያላቸው ሴቶች ይህ ነገር ይከነክናቸዋል። ግን ደንብ ነውና ዝም ይላሉ።

በዚያ ዓመት ዘሩ የተቀመጠው ላቀች ከምትባል ሴት ዘንድ ነበር። ላቀች ከወንዙ ማዶ ተድራ የመጣች ናት። ባሏ ሳይወልዱ ሞተባት። በአገሯም ዘመድ አልቀረላትምና እዚያው ጥድ አፋፍ ቀረች። ዝምተኛ ናት። ቤቷ ከዘርፌ ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ የተጋጠመ ነው። መሃላቸው ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

ዘርፌ ደግሞ ባል አላት፣ ቢረሳው ይባላል። እንጉዳይ የምትባል ትንሽ ልጅም አለቻቸው። ዘርፌ ክፉ ሴት አይደለችም። ጉልበቷን አትሰስትም፣ ባሏን ታከብራለች፣ ለልጇም ትሞታለች። ጆሮዋ ግን አያርፍም። ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ካየች የሚያወሩት ስለ እሷ ይመስላታል። ሰላምታ ያጠረባት እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጠው ታድራለች። እንዲህ ያለ ሰው አታውቁም? እኔ አውቃለሁ፣ ስሙን አልናገርም።

የዚያን ዓመት ክረምቱ ገና በሰኔ መግቢያ ከበደ። እህል በየቤቱ አለቀ። ሰዉ ሳማ እየቀነጠሰ፣ ጎመን እየቀቀለ መብላት ጀመረ። በአገሩ ላይ የወፍጮ ድምፅ ጠፋ። የሚፈጭ ነገር የለማ! መጅ ሁሉ እንደ ተራ ድንጋይ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ታዲያ አንድ ምሽት ዘርፌ ምድጃዋ አጠገብ ጋደም እንዳለች አንድ ድምፅ ሰማች። ክርር… ክርር… ይላል። ጥቂት ያርፍና ደግሞ ክርር… ይላል። ከጓዳው በኩል ነው። ከግድግዳው ነው። ዘርፌ ተነስታ ቁጭ አለች። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባትም። እድሜዋን ሙሉ እህል ስትፈጭ የኖረች ሴት ናት፣ መጅ በወፍጮ ላይ ሲሄድ ታውቀዋለች። ላቀች እየፈጨች ነው! ምን አግኝታ ነው የምትፈጨው? ከዘሩ ሌላ ምን እህል አለ?

ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እንጉዳይ ግድግዳው ሥር መደብ ላይ ተኝታለች። ዘርፌ ልጇን ተሻግራ ጆሮዋን ከግድግዳው ልትለጥፍ ስትል የልጅቱን እግር ነካች። እንጉዳይም ገላበጥ አለች። ድምፁ ቀጥ አለ።

ዘርፌም በልቧ፣ ሰማችኝ፣ ኮቴዬን ሰምታ አቆመች አለች። ተመልሳ ተኛች። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ክርር… ክርር… ጀመረ። እንደገና ብትነሳ እንደገና አቆመ። እንዲህ እያለ ሰነበተ። ዘርፌ በተነሳች ቁጥር ይቆማል፣ በተኛች ቁጥር ይጀምራል። እንዲህ ያለ ነገር የሌባ ጥንቃቄ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ቀን ቀን ደግሞ ላቀችን ትከታተላት ጀመር። ነጠላዋ ላይ ነጭ ነገር ካየች ዱቄት ነው ትላለች፣ ዘወር ብላ ስታየው አመድ ነው። ከላቀች ጣራ ጭስ ከወጣ እየጋገረች ነው ትላለች። የላቀች ፊትም አልከሳ አላት። አንድ ቀን ላቀች በዘርፌ ደጅ ስታልፍ እንጉዳይን አየቻት። ቆም አለችና የልጅቱ ሆድ እንደተነፋ፣ ፊቷም እንደገረጣ ተናገረች፤ ምነው፣ ደህና አይደለችም እንዴ ብላ ጠየቀች። ዘርፌ ግን ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት አስገባቻት። በዓይኗ ልትበላብኝ ነው ብላ ነው።

እውነትም እንጉዳይ ደህና አልነበረችም። የተሰጣትን ሁሉ ትበላለች፣ አትጠግብም። እጅና እግሯ ቀጥኖ ሆዷ ብቻ ቀርቷል። ጠዋት ስትነሳ የተኛችበት ቁርበት በለሃጯ ርሶ ይገኛል። ከዚያም ይብስ ብላ ከግድግዳው ጭቃ እየፈነቀለች መብላት ጀመረች። ዘርፌ ይህን ስታይ፣ እዚያ ማዶ ዘራችን ይፈጫል፣ እዚህ ልጄ ጭቃ ትበላለች አለች። አለቀሰችም። እውነቷን ነው ያለቀሰችው፣ አትሳቁባት።

መጀመሪያ ለባሏ ነገረችው። ቢረሳው እንቅልፉ ከባድ ነው፣ ምንም አልሰማሁም አላት። ከዚያም ውሃ ስትቀዳ ለምንጩ ሴቶች ነገረች። ሴቶቹም ይሄኔ አንዷ ይህን አየሁ፣ አንዷ ያንን ሸተተኝ ማለት ጀመሩ። ወሬው ከምንጩ ወጥቶ የሽማግሌዎቹ አለቃ ዘንድ ደረሰ። እኚህ ሰው አያ ጓንጉል ይባላሉ።

አያ ጓንጉልም ሽማግሌዎቹን ይዘው መጡ። ጎተራውን አዩት። ምርጊቱ አልተነካም፣ መዳፎቹም እንዳሉ ናቸው። ሰዎቹ ተነፈሱ። ዘርፌ ግን ጎተራ ከላይ ብቻ ነው እንዴ የሚከፈተው አለች። ጎንበስ ብለው ሥሩን ዳሰሱት። ቀዳዳ የለውም። ይሄኔ ነገሩ ማለቅ ነበረበት አይደል? አላለቀም። ምልክት አለመገኘቱ ራሱ ምልክት ሆነ። እንዴት ብትጠነቀቅ ነው አሉ። ከፍተን እንስፈረው ያሉም ነበሩ፤ አያ ጓንጉል በዚህ ዝናብ አይሆንም ብለው ከለከሉ።

ከዚያም ላቀችን ጠየቋት። ዘሩን አልነካሁም አለች። የመጅ ድምፅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ አሏት። ላቀች ወደ መሬት አየች። ዝም አለች። ደግመው ቢጠይቋትም ዝም አለች። ዘርፌ ያን ዝምታ ስታይ ልቧ ሞላ። ሰው ንጹሕ ከሆነ ለምን ዝም ይላል?

አያ ጓንጉልም ፍርድ ሰጡ። ዛሬ ዘርፌ ከላቀች ቤት ትደር፣ ጆሮዋን ጥላ ታዳምጥ አሉ። የመጅ ድምፅ ከሰማች ላቀች ወንዙ ሳይሞላ ከመንደሩ ትወጣለች። ዘር የበላ ሰው በጥድ አፋፍ ጣራ የለውም። ሁሉም ሰው የላቀችን ነገር ያውቃል። ከወንዙ ማዶ በር የሚከፍትላት አንድ ሰው የላትም። ክረምቱም ገና መግባቱ ነው። ቢሆንም ማንም አልተናገረላትም።

አመሻሽ ላይ ዘርፌ ጋቢዋን ይዛ ሄደች። ላቀች መደቧን ለቀቀችላትና ራሷ መሬት ላይ ተኛች። ዘርፌ ቤቱን በዓይኗ በረበረችው። ወፍጮው ጥግ ላይ ነው፤ በላዩ የገለባ ጎጆ ተሠርቶበት ዶሮ ታቅፋበታለች። ዘርፌ ዶሮዋንም ጠረጠረቻት። ለማታለል ያስቀመጠቻት ናት አለች።

አዳመጠች። ምንም የለም። ዝናቡ ብቻ ነው። እኔ ስላለሁ ተወችው እያለች፣ እንቅልፏን እየታገለች ቆየች። በመጨረሻ ዶሮ ጮኸ፣ በበሩ ስንጥቅ ወገግታ ገባ። ይሄኔ ነው ድምፁ የመጣው። ክርር… ክርር…

ዘርፌ ከመደቡ ዘላ ተነሳች። ያዝኩሽ ልትል ነበር። ላቀች ግን እዚያው መሬት ላይ ናት፣ እጆቿን በደረቷ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ዶሮዋም ጎጆዋ ላይ ናት። ድምፁ አሁንም ይሄዳል። ክርር… ከግድግዳው ነው። ከግድግዳው ወዲያ ነው። ከዘርፌ ቤት ነው!

ምን ያሰበች ይመስላችኋል? ቢረሳው! አለች። ባሌ እህል ደብቆ፣ ከቤት ስወጣ ጠብቆ፣ ብቻውን ይፈጫል! ከዚህች ሴት ጋር ሳይመክር አልቀረም! ጋቢዋን እንኳ ሳታነሳ ወጣች። ቤቱን ዞራ፣ ጭቃውን እያንቦጫረቀች ሮጠች። በሯን ገፋ አድርጋ ገባች። ቢረሳው ያንኮራፋል። ወፍጮዋ ባዶ ነው። ድምፁ ግን አለ፣ ከጓዳው ነው። ዘርፌ ገባችና ጎንበስ አለች። እንጉዳይ ተኝታለች። አገጯ ወዲህና ወዲያ ይሄዳል። ጥርሷን እያፋጨች ነው። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያች ትንሽ አፍ የሚወጣ ነው። ዘርፌ ጉንጯን ብትነካት ልጅቱ ገላበጥ አለችና ድምፁ ቀጥ አለ።

ዘርፌ መሬት ላይ ቁጭ አለች። 

አሁን ልብ በሉ። ይህን ያየ ማንም የለም። ቢረሳው ተኝቷል፣ ላቀችም ተኝታለች። ከደጅ ግን የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይሰማል፣ ጎህ ሲቀድ እንመጣለን ብለው ነበርና መጡ። ዘርፌ እውነቱን ከተናገረች የመንደር መሳቂያ ትሆናለች፣ የልጇን ጥርስ ሌባ ያለች ይሏታል። ዝም ካለች ደግሞ ላቀች ትሄዳለች። ሰምቻለሁ ብትል ውሸት እንኳ አይሆንም፣ ሰምታለቻ!

ወጣች። ላቀችም በሌላው በኩል ወጥታ መጣች፣ ዘርፌ ጥላው የሮጠችውን ጋቢ በክንዷ ይዛለች። ሰዉ ተሰበሰበ። አያ ጓንጉልም፦ «ዘርፌ ልጄ፣ ሰማሽ ወይስ አልሰማሽም?» አሉ።

ዘርፌም አንገቷን ደፋች። «ሰምቻለሁ» አለች።

ሰዉ አጉረመረመ። አያ ጓንጉል ወደ ላቀች ዞረው፣ አንድ የምትይው ካለሽ ዛሬ ተናገሪ፣ ከዚህ በኋላ የሚሰማሽ የለም አሏት።  ላቀችም፦

«እኔም ስሰማው ነው የከረምኩት» አለች። «ከነሱ ቤት ነው። እህል አግኝተው የሚፈጩ መሰለኝ። እንጉዳይ ከስታ ነበርና፣ እሰይ ልጅቱ ልትበላ ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

አያ ጓንጉልም፦ «ታዲያ ስንጠይቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር ቤታቸውን ልትፈትሹ ነዋ። ልጅ ያለበት ቤት ነው።»

ዝናቡ እየዘነበ ነው። ሰዉ ቆሟል። ዘርፌ ያንን ጋቢ አየችው፣ የላቀችን እግር አየችው፣ በጭቃው ባዶውን ነው። ከዚያ ወዲያ አልቻለችም። የሰማችው የመጅ ድምፅ እንዳልሆነ፣ ልጇ ጥርሷን ስታፋጭ እንደሆነ፣ ማንም ሳያያት አይታ ዝም ልትል እንደነበር ሁሉንም ዘረገፈችው። ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበችና አለቀሰች። የሳቀ ሰው አልነበረም። የምንጩ ሴቶች እንኳ ወደ መሬት አዩ።

ላቀች ግን ይቅርታም አልጠበቀች፣ ልጅቱስ የት አለች አለች። ገባችና እንጉዳይን አየቻት። ሆዷን ዳሰሰች፣ የዓይኗን ሥር ገለጥ አድርጋ አየች። የራሰውን ቁርበትና የተፈነቀለውን ግድግዳ አየች። ወስፋት ሳይሆን አይቀርም አለች። በአገሯ ጥርሱን የሚያፋጭ ልጅ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ወስፋትን ነው። ለልጅ ኮሶ አይሰጥም፣ ይጥለዋል አለች። ከዚያም ካምና ያስቀመጠችውን የዱባ ፍሬ አመጣች። ፈለፈለችው፣ በሙቀጫ ወቀጠችው፣ ቅል ውስጥ በአሬራ በጥብጣ ገና ባዶ ሆዷን ሳለች አጠጣቻት። ዘርፌ አጠገቧ ቆማ ታያለች። እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ጊዜ እንኳ ቅሉን ተቀብላ መጀመሪያ ራሷ ቀመሰችው። 

ውሎ አድሮ ከእንጉዳይ ሆድ የወጣውን አልነግራችሁም፣ እራታችሁን ገና አልበላችሁም። ብቻ ረጃጅም ነበሩ፣ ብዙም ነበሩ። ሆዷ ጎደለ። ፊቷ ደም ዞረበት። ጭቃ መብላትም ተወች። ጥርስ ማፋጨቱም እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ።

እንግዲህ በዚህ ነገር ጥድ አፋፍ ተከራከረ። ወስፋቱ ነው ጥርሷን የሚያስፋጫት፣ ከውስጥ እየጎረበጣት ነው ያሉ አሉ። ወስፋት ሞልቶት ጥርሱን የማያፋጭ ልጅ በየቤቱ አለ ያሉም አሉ። አያ ጓንጉል ራሳቸው ወስፋት ሳይኖርባቸው በእርጅናቸው እንደሚያፋጩ ሚስታቸው ተናገረች። እናቷ ሌሊቱን ስትነሳና ስትተኛ፣ ስትቆጣና ስታለቅስ ልጅቱ እንዴት ሰላም ትተኛ ያለም ነበረ። እኔን ከጠየቃችሁ አልምልም። ወስፋቱ ወጣ፣ ፍጭቱ ቀነሰ። አንዱ ሌላውን ይጎትተው እንደሆነ ግን ያየው የለም። ልጅ ጥርሱን ሲያፋጭ ሆዱን ማየት አይጎዳም፣ ጎረቤትን ከመክሰስ ይሻላል።

ጤፉም ተዘራ፣ ቡቃያውም ብቅ አለ። ዘርፌ ግን ላቀችን ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይር ነበር። በመጨረሻ አንድ ቀን እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ አነሳች። ከባድ ነው የመረጠችው። አንገቷ ላይ ተሸክማ ቤቱን ዞራ ከላቀች ደጅ ሄደች፣ ተንበረከከችም።

ላቀችም ወጥታ አየቻት። እንደ ወጉ ቶሎ ብላ ድንጋዩን ማንሳት ነበረባት። አላነሳችውም።

«እትዬ ላቀች፣ ይቅር በይኝ» አለች ዘርፌ።

«እላለሁ» አለች ላቀች። «መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ያን ዕለት እኔ አፌን ባልከፍት ኖሮ ትናገሪ ነበር?»

ዘርፌ እናገር ነበር ልትል አፏን ከፈተች። መልሳም ዘጋችው። ድንጋዩ አንገቷን ተጭኗታል። ላቀች ትጠብቃለች። 

«አላውቅም» አለች ዘርፌ።

ይሄኔ ላቀች ጎንበስ አለች። ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። «አዎ ብትይኝ ኖሮ አላምንሽም ነበር» አለቻት። እጇንም ይዛ አስነሳቻት።

ተረቴ ይኸው ነው። ወደ መኝታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፣ ጣትህን አውጣ አላልኩህም አንተ? በሉ እንግዲህ፦ ተረቴን ውሰዱ፣ ለእኔም ዳቦ ውለዱ። ለስለስ ያለውን አምጡልኝ፣ የኔ ጥርስ የሚፋጭበት ጓደኛ የለውም።